ጨዋ ሰው ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል?

ቆሼ ስል የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ትዝ እንዳይላችሁ። የማረቆዋን፣ የበርበሬዋን ቆሼ ማለቴ ነው። በርበሬ በሚቀነጠስበት ግቢ አጠገብ ያለፈ ሰው የሚደርስበትን ያውቃል፦ ጉሮሮው ይከረከራል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ከዚያ ያስነጥሰዋል። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ሙቀትና ሕመም የሚለየውን የነርቭ መቀበያ ይነካል። ዴቪድ ጁሊየስ ይህንን መቀበያ በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። በቃ፣ አፍንጫ እሳት የነካው ይመስለዋል።

እንዲህ ያስነጠሰ ሰው አያፍርም። ክርስቲያኑ ጎረቤት «ይማርህ!» ይለዋል፤ እሱም «ያኑርህ!» ብሎ ይመልሳል። ሙስሊሙ ደግሞ ሲያስነጥስ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ የሰማው «የርሐሙከላህ» ይለዋል። ሁለቱም ምሕረት መመኘት ናቸው። እንዲያውም የዓረብኛውን «ረሐመ» እና የግዕዙን «መሐረ» ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ ሦስቱ ፊደላት ያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለዋውጧል።

አሁን ያው አየር በሌላኛው በር ይውጣ እንበል። ምርቃት የለም። ምርመራ ይጀመራል፦ ማነው? መጀመሪያ የጮኸው ይጠረጠራል፤ «ፈሲታ ተቆጢታ» የሚባለው ለዚህ ነው። ዝም ያለውም አያመልጥም።

ይህ ሕግ የተፈጥሮ ነው እንዳንል ጎንደርን እንይ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ፤ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍ በ1790 ታተመ። ስለ መኳንንቱ ግብር ሲያወራ፣ ትልቅ ሰው በእጁ አይበላም ይላል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው የሚያጎርሱት። ጉርሻው በተለቀ ቁጥር፣ ሲያላምጥም በጮኸ ቁጥር ሰውየው የበለጠ ጨዋ ይባላል። በትንንሹ ቆርሶ ድምፁን አጥፍቶ የሚበላ ለማኝ ወይም ሌባ ነው። እርግጥ ብሩስ አጋንኗል ተብሎ ለንደን ላይ ተስቆበታል። ግን ሐሳቡ ስሜት ይሰጣል፦ ተደብቆ የማይበላ ሰው ድምፁን ለምን ይደብቃል? ዛሬ ያንን መኳንንት ካፌ ብናስቀምጠው፣ አጠገቡ ያሉት ወንበር ይቀይራሉ።

«ጨዋ» የሚለው ቃል ራሱ ተጉዟል። በመካከለኛው ዘመን የንጉሡ ጭፍራ ስም ነበር፤ በቤተ ክህነት አነጋገር ያልተማረ ምእመን ማለት ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። አውሮፓም ያው ነች። ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1530 ለልጆች ባዘጋጀው የሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ አየር አፍኖ መያዝ ጤና ይጎዳል፣ ድምፁን በሳል ሸፍኑት ብሎ ይመክራል። የሳሉ ዘዴ እስካሁን ይሠራል። ታክሲ ውስጥ ማን ያለምክንያት እንደሚስል ልብ በሉ።

ሕጉ ከተለዋወጠ፣ ሸክሙ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። አባወራው በልቶ አግስቶ «ተመስገን» ሲል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚያው ማዕድ ላይ ምራቲቱ ብታገሳስ? ድምፁ አንድ ነው፤ የሚለየው የማን ሆድ መናገር እንደሚፈቀድለት ነው።

ይህ ዕፍረት የሚከብደው ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሆዱን በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው አንጀቱ ሥራ መጀመሩ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ አየር መውጣቱ ነው። ሐኪሙ «አየር ወጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል። አልጋው ዙሪያ አማች፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት ቆመዋል። አፍሮ «አልወጣም» ያለም፣ ሳይወጣ «አዎ» ያለም ሐኪሙን ያሳስታል። ደፍሮ እውነቱን ሲናገር ግን እናት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ተመስገን!» ትላለች፣ ጠያቂው ሁሉ «እሰይ!» ይላል። ለዚያች ድምፅ ምርቃት የሚወርድባት ብቸኛ ቦታ እዚያ ሳትሆን አትቀርም።