የባሕር ማሽላና የጉዱማሌ ሳህን

ከሰዓት በኋላ በሐዋሳ፣ በጉዱማሌ በኩል ስታልፉ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አታጡም። እሸቱ ከሰሉ ላይ ይንጣጣል፤ አንድ ጎረምሳ ሚጥሚጣ ነስንሺልኝ ይላታል። ልብ አይለውም እንጂ በቆሎውም ሆነ ሚጥሚጣ የሆነው ቃሪያ ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር ነው። በእጁ የያዘው ግማሽ ናቾስ ነው፤ የጎደለው አይቡ ብቻ።

ናቾስ ወዳድ ነኝና እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይታየኛል። ለማያውቀው፣ ናቾስ ማለት ተቆራርጦ በዘይት የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ላይ አይብ አቅልጠው፣ ቃሪያ ጣል አድርገው በእጅ የሚበሉት ምግብ ነው። ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶና ሥጋ እንደየቤቱ ይጨመርበታል።

በቆሎን ከዱር ሣር ወደ ሰብልነት የለወጡት የሜክሲኮ ገበሬዎች ናቸው፤ 9,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እኛ ዘንድ የደረሰው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። የቀድሞ ስሙ ምንጩን አይደብቅም፤ «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ። ዛሬ በምርት መጠን ከአገሪቱ ሰብሎች ሁሉ ይቀድማል፤ ጤፍ የሚበልጠው በሚዘራበት መሬት ስፋት ነው። እዚህ ካደረሱት መካከል በ1993 ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዘር ይጠቀሳል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)።

ሰብሉ ተሻገረ፤ ኩሽናው ግን እዚያው ቀረ። ሜክሲኮዎች በቆሎን የሚፈጩት በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ገለፈቱን አጥበው ነው። ኖራው ሊጡን ያያይዘዋል፤ በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታዋል። በቆሎን ያለ ኖራው የተቀበሉት የሰሜን ጣሊያንና የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ድሆች ሌላ የሚበላ ሲያጡ ፔላግራ በሚባል በሽታ ተሠቃዩ። እኛም ኖራውን አልወረስንም፤ በራሳችን መንገድ ሄድን። ከጤፍ ጋር አቡክተን እንጀራ አደረግነው፣ ቀቅለን ንፍሮ፣ በኮንሶ ደግሞ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ኩርኩፋ። እህል ሲሰደድ የአበሳሰሉን ዘዴ ይዞ አይመጣም፤ ተቀባዩ ይፈጥርለታል።

ናቾስም ቢሆን የተወለደው አብሳይ በጠፋ ጊዜ ነው። በ1943 የአሜሪካ ወታደሮች ሚስቶች ድንበር ተሻግረው የሜክሲኮዋ ፒየድራስ ኔግራስ ከተማ ውስጥ «ቪክቶሪ ክለብ» የተባለ ምግብ ቤት ገቡ። አብሳዩ የለም። የመስተንግዶው ኃላፊ ኢግናሲዮ አናያ ራሱ ኩሽና ገብቶ ያገኘውን ቶርቲላ፣ ማለትም የበቆሎ ቂጣ፣ ቆራርጦ ጠበሰ፣ አይብ አቀለጠበት፣ ሃላፔኞ ቃሪያ ደረደረበት። «ናቾ» የኢግናሲዮ የቁልምጫ ስም ነው። በ1976 ፍራንክ ሊበርቶ የተባለ ነጋዴ በቴክሳሱ የአርሊንግተን ስታዲየም ፈሳሽ አይብ ለቀቀበትና ምግቡ ከኳስ ጋር ተዛመደ። ያንን ፈሳሽ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አይብ ብሎ ለመጥራት አፌ እሺ አይለኝም።

አንድ ሰው አምጥቶት ብዙ ሰው የሚጋራው ምግብ ለጉዱማሌ እንግዳ አይደለም። ጉዱማሌ ለሲዳማ ሕዝብ የመሰብሰቢያ አደባባይ ነው፤ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጨምበላላ በሐዋሳ የሚከበርበት ነው። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። አፈ ታሪኩ ስለ አንዲት ሴት ያወራል። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይቀምሳል። ዛሬም በፍቼ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ሲሉ የሚቀርብላቸው ቡርሳሜ ነው። ኢግናሲዮ በምግብ ስም ቀረ፤ እሷ ግን በበዓል ትታወሳለች።

ወደ ራሴ ኩሽና ልመለስ። ናቾስ ልሠራ መጀመሪያ የሞከርኩት በወፍጮ ቤት የበቆሎ ዱቄት ነው። በሙቅ ውሃ አቡክቼ ስዳምጠው ጠርዙ ተሰነጣጠቀ፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተበተነ። የኖራው ምስጢር የገባኝ ያን ቀን ነው። የግንበኛ ኖራ ድስት ውስጥ ለመክተት ደግሞ አልደፈርኩም። ሲሶውን የስንዴ ዱቄት ሳደርገው ሊጡ ተያያዘ፤ ጣዕሙ ግን ዳቦ ቆሎ ዳቦ ቆሎ አለኝ። እንጀራም ጠበስኩ። ይንኮሻኮሻል፣ ኮምጣጣነቱም ደስ ይላል፣ ግን ዓይኖቹ ዘይቱን ጥርግ አድርገው ይጠጣሉ። ሻንጣ ሞልቶ ውጭ አገር የሚላከው ድርቆሽ ለዚህ ሥራ ይሻላል።

በመጨረሻ የቀናኝ በቆጮ ነው፣ ሲዳማ ዋሳ በሚለው። ውሃውን በጨርቅ ጨመቅሁ፣ ቃጫውን በቢላ ከተከትኩ፣ አሸሁትና ምጣድ ላይ አሳስቼ ጋገርኩት። ከቆራረጥኩት በኋላ መልሼ በለዘዘ እሳት አደረቅሁት። የተቀቀለ ቦሎቄ ከላይ፣ ዳጣ በማንኪያ ጠብ ጠብ። አቮካዶው ከደጃችን ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በ1938 በሂርናና እዚሁ አጠገባችን ባለችው ወንዶ ገነት እንደሆነ ተጽፏል። አይቡ ላይ ግን ተሳስቼ ነበር። እንደ ፈረንጁ ይቀልጥልኝ ብዬ እሳት አሳየሁት፤ አሸዋ ሆኖ ቀረ። የእኛ አይብ አሬራው ተሞቆ የረጋ ነውና እሳት ሲደገምበት ይደርቃል እንጂ አይሳብም። ስለዚህ ቀዝቃዛውን በጥቂት ቅቤ ለውሼ ፈረፈርኩበት። እንግዶቼ ሳህኑን ከበው ሲጨርሱት ስሙን የጠየቀ የለም።

ስትሞክሩት ቆጮውን በደንብ አሳስታችሁ ጋግሩ፤ ከወፈረ ይላመጣል እንጂ አይሰበርም። አቮካዶውንም እንዳይጠቁር ሰው ከተቀመጠ በኋላ ቁረጡት።