የመታሰቢያ ኦርጋን

በያመቱ በዚህች መጽሔት ስለ ቀብርና ስለ መዋጮ ብዙ ይጻፋል። እኛ ዘንድሮ የመረጥነው የአንድ ኦርጋን ታሪክ ነው። ይኸ ከዕድር ጋራ ምን አገናኘው እንዳትሉን፤ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

በአሜሪካ አገር፣ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በሐድሰን ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1802 የተቋቋመ ዌስት ፖይንት የተባለ የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ይገኛል። ለተማሪዎቹ ጸሎት የሚሆን ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1910 ተሠርቶ አለቀ። በ1911 ደግሞ ሞለር የተባለው ፋብሪካ ኦርጋኑን ሠርቶ ተከለለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነፋስ ወደ ሣጥን ይገፋል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ነፋሱ በቧንቧው ውስጥ አልፎ ድምፅ ይሰጣል። አንዱ ቧንቧ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ ለመጨመር ቧንቧ መጨመር ግድ ይሆናል። ትንሹ ቧንቧ እርሳስ ቢያህል ነው፤ ረጅሙ ግን ከ9 ሜትር ያልፋል።

ሲጀመር የነበሩት ቧንቧዎች 2,400 ያህል ናቸው። ዛሬ ከ23,000 በላይ ሆነዋል። ታዲያ ይኸ ሁሉ ከየት መጣ? በ1911 የተቀጠረው ተጫዋች ፍሬድሪክ ማየር ከ40 ዓመት በላይ ከዚያው ሥራ ሳይነቃነቅ ኦርጋኑን ሲያሳድግ ኖረ። ገንዘቡም በብዛት የተገኘው ሰዎች ለሞቱባቸው ወዳጅ ዘመዶች መታሰቢያ ይሁን እያሉ ከሰጡት ነው። አንዱ ጥቂት፣ ሌላው ብዙ እያዋጣ በዓለም ካሉት ታላላቅ ኦርጋኖች አንዱ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው አይደለም?

ነገር ግን መስጠት ብቻውን አይበቃም። በኦርጋን ውስጥ ያለው ቆዳ ይደርቃል፤ ብርድና ሙቀት ቅኝቱን ያዛባዋል። ሞለር ፋብሪካ ራሱ በ1992 ተዘግቷል። ጠባቂ ባይኖር ኖሮ መታሰቢያው ሁሉ ዝም ባለ ነበር።

እኛም ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ስንፈጅ ይኸን አይተናል። አንድ መሥሪያ ቤት ቤት ሲለቅ፣ በጃችን የጻፍናቸው መዝገቦች ከቆሻሻ ጋራ ተጣሉ። የስንቱ ሰው ስም አብሮ ሄደ!

ስለዚህ አደራ የምንለው አንድ ነገር ነው። ያለፉት አባሎቻችን ስም የሰፈረበት የዕድራችን መዝገብ አንድ ብቻ ነው። በሁለት ይገልበጥ፤ ጠባቂም ይመደብለት። ለግልበጣው እጃችን ገና አልደከመም።