ቶሞካ

ቶሞካ በአዲስ አበባ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አፍልቶ የሚሸጥ ድርጅት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን የመጀመሪያው ቤቱ የሚገኘው ፒያሳ ነው።

ስያሜ

«ቶሞካ» ከጣልያንኛው «ቶሬፋትሲዮኔ ሞደርና ካፌ» የየቃላቱ መነሻ የተወሰደ ምሕጻረ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ዘመናዊ የቡና መቁያ» እንደ ማለት ነው።

አገልግሎት

በፒያሳው ቤት ደንበኞች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመው ማኪያቶ ወይም ጥቁር ቡና ይጠጣሉ። የተቆላ ቡናም በፍሬው ወይም ተፈጭቶ ታሽጎ ይሸጣል።

ፋይዳ

በኢትዮጵያ ልማድ ጥሬ ቡና ከገበያ ተገዝቶ ቤት ውስጥ ይታጠባል፣ በብረት ምጣድ ይቆላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጀበናም ይፈላል። የማሽን ቡና በአንጻሩ እኩል የተቆላና እኩል የደቀቀ ቡና ስለሚፈልግ፣ ማኪያቶ በከተማ ሲለመድ የቡና መቁያ ቤቶችም አስፈላጊ ሆኑ።

ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የምትልከው ቡና አብዛኛው ጥሬ ነው። ስለዚህ ከመቁላት፣ ከማሸግና ከንግድ ስም የሚገኘው ትርፍ በገዢው አገር ይቀራል። ቶሞካን የመሰሉ ድርጅቶች ይህንኑ ሥራ ቡናው በበቀለበት አገር ያከናውናሉ፤ መንገደኞችም የታሸገውን ቡና ለስጦታ ይዘው ይሄዳሉ።