በእግሩ የማይሄድ እንቁላል፦ ከጓሮ ዶሮ እስከ መኖ ገበያ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መምህር የሚመጥን አይደለም የሚል ቢኖር አልቀየምም። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዘመቻና ስለ አብዮት ሲናገር መስማት ለምዳችኋል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ እንቁላል ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ባለፈው ሳምንት ገበያ ወጥቶ የእንቁላል ዋጋ ያላስደነገጠው ያለ አይመስለኝም። በልጅነቴ በሳንቲም ይቆጠር የነበረው ዋጋ ዛሬ ከ10 ብር በላይ ሆኗል። ሁላችንም «እንቁላል ተወደደ» እንላለን። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እንቁላል ሲወደድ ዶሮ ጠባቂው ለምን አልከበረም?

ጥያቄውን ይዤ ወደማውቃት ቦታ ልውሰዳችሁ። ጠበላ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንዳንድ ጽሑፍ ስሟን «ተበላ» እያለ ሲያሰፍር ፈገግ እላለሁ፤ ምክንያቱም ከጠበላ የሚወጣው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ሌላ ቦታ ነው። በ1970ዎቹ እናቴ በገበያ ቀን እንቁላሎቿን በገለባ መካከል ደርድራ፣ በቅርጫት ይዛ ወደ ጠበላ ትወርድ ነበር። ስትመለስ ቅርጫቱ ውስጥ ጨው፣ ሳሙና፣ የኩራዝ ጋዝ፣ አንዳንዴም ለእኔ ደብተር ይገኝ ነበር። አባቴ በቡናና በከብት ገንዘብ ላይ ያዝዝ ነበር፤ የእንቁላሉን ገንዘብ ግን አይጠይቅም። የእንቁላል ገንዘብ የሴት ገንዘብ ነበር።

ያ ገንዘብ ከየት መጣ? ዶሮዋ የምትበላው በግዢ አልነበረም። ከጓሮው እንሰት ሥር ትል ጭራ ታወጣለች፤ ከወፍጮ የተራረፈ ጥሬ ትለቅማለች፤ የተደፋ ትርፍራፊ ትበላለች። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ወጪዋ ዜሮ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ወጪዋ በብር አይከፈልም ነበር። በእርግጥ ያቺ ዶሮ ሰነፍ ናት ተብላ ስትወቀስ ኖራለች። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው በአማካይ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ በየመሀሉም መጣል አቁማ ትታቀፋለች። ከምትፈለፍላቸው ጫጩቶች ገሚሱን ያህል ጭላት፣ ሸለምጥማጥና ፈንግል የተባለው በሽታ ይወስዱባታል። የተረፉት ግን ቄብና አውራ ይሆናሉ።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ስለዚህች ዶሮ ነው። አባባሉን ዛሬ የምንጠቅሰው ስለ ትዕግሥት ስንመክር ነው። እኔ ግን እንደ አንድ የኢኮኖሚ ታሪክ ሰነድ ነው የማነበው። እንቁላሉ ተታቅፎ ጫጩት ይሆናል፤ ጫጩቶቹ አድገው ሲሸጡ ፍየል ይገዛሉ፤ ፍየሏ ወልዳ ስትበረክት ጥጃ ትገዛለች። በዎላይታ ከብትን ከሌላ ሰው ጋር በጋራ የመያዝ «ኮታ» የሚባል ልማድ ስላለ፣ ሙሉ ጥጃ መግዛት ያልቻለ ደሃ ግማሿን ይዞ መሰላሉን ሊወጣ ይችላል። የመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ እንቁላል ነበር። ወደ ታች ሲወረድም እንዲሁ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከቤታችን ቀድመው የወጡት ዶሮዎቹ ነበሩ፤ በሬው የተሸጠው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ወደ ልማት ታሪክ እንምጣ። የውጭ ዝርያ ዶሮዎች፣ ከእነርሱም ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ፣ ወደ አገራችን የእርሻ ትምህርትና ምርምር ተቋማት መግባት የጀመሩት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅማና በዓለማያ ነበር። ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው፣ በዘመኑ አጠራር «የወላሞ» የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለትም ዋዱ፣ ሕዝብ ከተጨናነቀበት ደጋ ሰዎችን ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደ አበላ አውርዶ አስፍሯል፤ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድርም አስተዋውቋል። ፕሮፌሰር ደሳለኝ ራህመቶ ከ1960ዎቹ እስከ 2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በዎላይታ የተካሄዱትን የልማት ጣልቃ ገብነቶች በሂስ የገመገሙበት ሥራ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ያላነበባችሁት አንብቡት። የዶሮው ጉዳይ የዚያው ረጅም ታሪክ ቅጥያ ነው። ከፓኬጅ ወደ ፓኬጅ ተሸጋግረን፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮቺክን የመሰሉ የግል ጫጩት አምራቾች ተነሡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብር ይፋ ሆኖ የእንቁላል ምርት ብሔራዊ አጀንዳ ሆነ።

ይህን ሁሉ ልነቅፍ አልተነሣሁም። የተሻሻለች ጣይ ዶሮ በደንብ ከተያዘች በዓመት እስከ 300 እንቁላል ትሰጣለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህች ዶሮ መታቀፍ በዘር ምርጫ እንዲጠፋባት የተደረገች ናት። እንቁላሏም አውራ በሌለበት ቤት የተጣለ በመሆኑ ቢታቀፍ አይፈለፈልም። ማለትም እንቁላሏ በእግሩ አይሄድም። መጣሏ ሲቀንስ ባለቤቷ ምትኳን ከራሱ ጓሮ አያገኝም፤ ተመልሶ ጫጩት መግዛት አለበት። ምግቧም ከጓሮ አይሞላም፤ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ኖራ ድንጋይ ተመጥኖ ይቀርብላታል፤ የቫይታሚንና የማዕድን ቅመሙ ከውጭ ይመጣል። ስለዚህ የእንቁላል ዋጋ የበቆሎ ዋጋ፣ የነዳጅ ዋጋና የዶላር ዋጋ ሆነ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5 ሲወርድ እናቴ አልሰማችም፤ መስማትም አላስፈለጋትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ግን በጠበላ ዶሮ የሚያረባ ሁሉ ሰምቷል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ልሥራ። እኛ የታሪክ ሰዎች የገንዘብ ዋጋ በየዘመኑ ስለሚቀልጥ፣ አንዱን ዕቃ በሌላው ዕቃ መለካት እንወዳለን። ስለዚህ ብርን እንተውና እንቁላልን በመኖ እንለካ። 100 ዶሮዎች በቀን ወደ 11 ኪሎ መኖ ይበላሉ። በደንብ የተያዙ ከሆነ 80 እንቁላል ይጥላሉ፤ አንድ ኪሎ መኖ 7 እንቁላል ገደማ አፈራ ማለት ነው። በሽታ፣ ሙቀትና የመኖ ጉድለት ካገኛቸው 55 ይጥላሉ፤ ኪሎው 5 እንቁላል ብቻ አፈራ። አሁን ለምሳሌ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ከ4 እንቁላል ዋጋ ጋር እኩል ነው እንበል። መኖ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ስለሚይዝ፣ ለጫጩት መግዣ፣ ለመድኃኒት፣ ለመብራትና ለብድር ሌላ 2 እንቁላል እንጨምር። ወጪው 6 እንቁላል ሆነ። የመጀመሪያው አርቢ በእያንዳንዱ ኪሎ 1 እንቁላል ያተርፋል፤ ሁለተኛው 1 እንቁላል ይከስራል። ገበያው አንድ ነው፤ ዋጋውም አንድ ነው። የእንቁላሉ ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ፣ መኖውና ሌላው ወጪም በእጥፍ ካደጉ ሁለተኛው ሰው አሁንም ከሳሪ ነው፤ በብር ሲቆጠር እንዲያውም ኪሳራው በእጥፍ ያድጋል። «እንቁላል ተወድዶ እያለ እንዴት ከሰርክ?» የሚሉት ጎረቤቶቹ ያልተረዱት ይህን ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ወጣት ተመርቆ ሥራ ቢያጣ ጠበላ ገብቶ 100 ዶሮ ጀመረ። ለጥቂት ወራት ደስ ብሎት ይደውልልኝ ነበር። ከዚያ መኖ ጨመረ፤ እርሱም ለመቆጠብ ብሎ በቆሎ ብቻ ማብላት ጀመረ፤ ዶሮዎቹ መጣል ቀነሱ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ነጋዴው ዋጋ ሰበረበት። ከፋሲካ በፊት ፈንግል ገብቶ የቀሩትን ጨረሰ። ሊጠይቀኝ ሲመጣ «ጋሼ፣ ለፋሁ፤ ግን ስለፋ የኖርኩት ለመኖ ነጋዴው ነው» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም ነበር። የዛሬው ንግግር በከፊል የዘገየ መልስ ነው።

ዐቢይ ጾምን ስላነሣሁ ልቀጥል። ዎላይታ የወንጌላውያን አማኞች የሚበዙበት አካባቢ ነው፤ በአብዛኛው የጠበላ ቤት በመጋቢት እንቁላል መብላት ነውር አይደለም። ነገር ግን ዋጋውን የሚወስነው የጠበላ ምእመን ሳይሆን የአዲስ አበባ ገበያ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል ከማዕድ ሲነሣ፣ ዶሮዋ ግን አትጾምም፤ በየቀኑ ትበላለች፣ በየቀኑ ትጥላለች። ማቆያ ያለው ትልቅ ድርጅት 55ቱን ቀን ይሻገራል። ትንሹ አርቢ እንቁላሉ እንዳይበላሽበት በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ዋጋው ሲያንሰራራ ደግሞ የሚሸጠው ዶሮ አይኖረውም።

ወሬም እንደ በሽታ ይገድላል። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ዓለምን ባስጨነቀበት ወቅት፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጉራጌ፣ በጉብሬ የዶሮ ማራቢያ ዶሮዎች ሞቱ። የሞቱት በወፍ ጉንፋን እንዳልነበረ ቢታወቅም፣ ገበያው ከዚያ አስቀድሞ ወድቆ ነበር። ጥቂት ዶሮ ያላት እናት ስላልነበረ በሽታ ከፈለች። በአንጻሩ አሜሪካን ተመልከቱ። እዚያ በሽታው በእርግጥ ገብቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጣይ ዶሮዎች ስለተወገዱ፣ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ ከ6 ዶላር አለፈ፤ ዶሮዎቹ ሲተኩ ዋጋው ተመልሶ ወረደ። የእነርሱ ውድነት በአንድ አደጋ የመጣ፣ ከአደጋው ጋርም የሚሄድ ነበር። የእኛ ግን ከሥሩ፣ ከወጪው የሚነሣ ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ አይወርድም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እንቁላል በተወደደ ቁጥር ከአርቢው ቤት ማዕድ ይርቃል። እናቴ ከምትሰበስበው መካከል የተሰነጠቀውን ሁልጊዜ ለእኛ ትቀቅል ነበር፤ በኋላ እንደጠረጠርኩት አንዳንዱን ሆን ብላ ነበር የምትሰነጥቀው። ዛሬ በብድር በተገዛ መኖ የተገኘ እንቁላልን መሰንጠቅ ዕዳን መሰንጠቅ ነው። ዶሮው 100 ሲሆን፣ ቤት ሲሠራለትና ብድር ሲጻፍበት፣ ባየኋቸው ቤቶች ገንዘቡም ከሴቲቱ መቀነት ወደ ሌላ ኪስ ሄዷል። ምርት አድጎ የሕፃኑ ሳህንና የእናቱ መቀነት ባዶ ከሆኑ፣ አደገ ያልነውን እንደገና መመርመር ይኖርብናል።

ወደ ኋላ እንመለስ አልልም፤ 50 እንቁላል የምትጥል ዶሮ ብቻዋን ከተሜውን አትመግብም። ነገር ግን በዶሮ ፖሊሲያችን ሁለቱን ዶሮዎች ለይተን እንወቃቸው። አንደኛዋ ፋብሪካ ናት፤ ፋብሪካን የሚይዝ ሰው መኖን በጅምላና በርካሽ ወቅት የሚገዛበት ማኅበር፣ የጾሙን ወራት የሚሻገርበት ብድርና ገበያ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሳይኖር 100 ዶሮ ለወጣት መስጠት ዕዳ መስጠት ነው። ሁለተኛዋ መሰላል ናት፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ርካሽ ነገር ነው። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ በአገራችን የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ሆኖም አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ 6 ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። ጥጃን በኮታ መያዝ የሚያውቅ ሕዝብ አንድ ብልቃጥን ለመንደር መግዛት ይከብደዋል ብዬ አላምንም፤ የሚያስተባብረው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልጨርስ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠበላ ውረዱ። የእንቁላልን ዋጋ በብር ብቻ መዝግባችሁ እንዳትመለሱ፤ አንድ ኪሎ መኖ በስንት እንቁላል እንደሚገዛ ጠይቁ። የሚቀጥለውም ሳምንት፣ የሚቀጥለውም ዓመት ጠይቁ። ሻጯንም «ከነዚህ መካከል ለልጆችሽ ስንቱን አስቀረሽ?» በሏት። የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለ10 ዓመት ቢመዘገብ፣ ያ መዝገብ የዎላይታ ታሪክ ነው።