የአባባ ጦር፦ ያልነጠፈ ሳቅ

በሜይ 14 ቀን 1940 ማምሻውን የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርበው ለሕዝባቸው አንድ ጥሪ አስተላለፉ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤደን ለእኛ እንግዳ ስም አይደሉም። ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 ዓመት ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት እሳቸው ነበሩ። የዚያን ምሽቱ ጥሪያቸው ግን የራሳቸውን አገር ጭንቅ የሚመለከት ነበር። የሂትለር ጦር ከአራት ቀን በፊት ሆላንድንና ቤልጂግን ጥሶ ገብቷል። በሆላንድ ላይ በጃንጥላ ከሰማይ የወረደው የጀርመን ወታደር ወሬ የእንግሊዝን ገጠር እንቅልፍ ነስቶታል። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል እንዲሉ ነው። ስለዚህ ኤደን ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 65 የሚደርስና መደበኛው ጦር ውስጥ ያልገቡ ወንዶች በየአካባቢያቸው ፖሊስ ጣቢያ እየሄዱ እንዲመዘገቡ ጠየቁ።

በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። እስከ ጁላይ መጨረሻ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ሰው ሞላ፣ መሣሪያ ግን አልነበረም። ተመዝጋቢዎቹ የመጥረጊያ እንጨት፣ የአደን ጠመንጃ፣ ከየጓዳው የተገኘ አሮጌ ጎራዴ ይዘው መሰለፍ ጀመሩ። የመጀመሪያ ስማቸው «የአካባቢ መከላከያ በጎ ፈቃደኞች» የሚል ነበር። ቀልደኛው ሕዝብ የእንግሊዝኛ ምሕጻሩን ወስዶ «እይ፣ ጎንበስ በል፣ ተሰወር» ብሎ ተረጎመው። በጁላይ 1940 ቸርችል ስሙን ወደ «የአገር ዘብ» አስቀየሩት። በ1941 እኚሁ ጠቅላይ ሚኒስትር እያንዳንዱ ሰው ጦርም ቢሆን አንድ መሣሪያ ይያዝ ብለው ቢጽፉ፣ የጦር ሚኒስቴሩ ነገሩን ቃል በቃል ወስዶ በብረት ቱቦ ጫፍ ላይ ሳንጃ የተበየደበት ጦር በብዛት አሠራ። በታንክና በአውሮፕላን ዘመን ጦር የተሰጣቸው ዘቦች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ከ28 ዓመት በኋላ ቢቢሲ ይህንኑ ታሪክ ወስዶ ሕዝቡን አሳቀበት። የተከታታይ ኮሜዲው ስም «ዳድስ አርሚ» ነው፤ «የአባባ ጦር» እንበለው። ከጁላይ 31 ቀን 1968 እስከ ኖቬምበር 13 ቀን 1977 ድረስ 80 ክፍሎች ተላለፉ። ጦርነቱ ራሱ ስድስት ዓመት ነው የፈጀው፤ ቀልዱ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሄደ። በ1970ዎቹ አንዳንዱን ክፍል 18 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል። ሰው ለመሞት በተሰለፈበት ጊዜ ላይ እንዴት ይሳቃል? ተስቆስ እንዴት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይሰለች ይኖራል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከጂሚ ፔሪ ነው። ፔሪ በ1967 ሥራ አልበረክትለት ያለ ተዋናይ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ገና በአፍላነቱ የአገር ዘብ ሆኖ አገልግሏል። ልጄን ብርድ ይመታብኛል እያለች የምትሳቀቅ እናትም ነበረችው። ጽሑፉን ይዞ ወደ ቢቢሲው አዘጋጅ ዴቪድ ክሮፍት ሄደና ሁለቱ አብረው ይጽፉ ጀመር። ፔሪ «ተዋጊዎቹ ነብሮች» ብሎት የነበረውን ርእስ የጣቢያው የኮሜዲ ክፍል ኃላፊ ማይክል ሚልስ ለወጠው።

የጣቢያው አለቆች ግን ፈሩ። በ1968 ጦርነቱን የተዋጋው ትውልድ ገና በሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ ነው። ባሏን፣ ወንድሟን የቀበረች ሴት በየቤቱ አለች። ለመክፈቻው ተዘጋጅቶ የነበረው የናዚ ወታደሮችና የስደተኞች ፊልም ለኮሜዲ አይገባም ተብሎ ወጣ። በምትኩ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው፣ በካርታ ላይ ቀስቶች የሚሽቀዳደሙበት የካርቱን ሥዕል ገባ። የመጀመሪያው ክፍልም በቀጥታ ወደ 1940 አልገባም። መጀመሪያ በ1968 በተደረገ ግብዣ ላይ ያረጁትን ገጸ ባሕርያት አሳይቶ፣ አገራቸውን ያዳኑ ሰዎች መሆናቸውን ካስታወሰ በኋላ ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው። ይቅርታ ጠይቆ እንደ መሳቅ ነበር።

ቦታው ዎልሚንግተን የተባለች፣ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። የጓዱ አዛዥ ሻምበል ማነሪንግ በሲቪል ሥራው የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ኩራተኛ። ምክትሉ ሳጅን ዊልሰን በዚያው ባንክ የማነሪንግ የበታች ጸሐፊ ነው። አሥር አለቃ ጆንስ ሥጋ ሻጭ፣ ፍሬዘር ቀብር አስፈጻሚ፣ ጎድፍሪ ጡረታ የወጣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ዎከር ደግሞ የማይገኝ ዕቃ የሚያስገኝ አየር ባየር ነጋዴ ነው። ትንሹ ፓይክ እናቱ የአንገት ሹራብ አጥልቃ የምትልከው የባንኩ ተላላኪ ነው። ፔሪ የራሱን ልጅነት በፓይክ ውስጥ አስቀምጦታል።

ጆንስ ላይ አንድ አፍታ እንቆይ። ይህ ሽማግሌ በየክፍሉ «አትደናገጡ! አትደናገጡ!» እያለ ከሁሉ በፊት የሚደናገጠው ነው። ወሬው ሁሉ በሱዳን ከጄኔራል ኪችነር ጋር ሆኖ ድርቡሽን ስለወጋበት ዘመን ነው፤ ጠላት ሳንጃ አይወድም ሲል ያስተምራል። እንግሊዛዊው ተመልካች የሚስቀው በቅኝ ግዛት ዘመን ተርፎ በቀረው ወታደር ላይ ነው። ለእኛ ግን ድርቡሽ የቀልድ ስም ብቻ አይደለም። ኪችነር በ1898 ኦምዱርማን ላይ ድል ያደረገው መንግሥት፣ አጼ ዮሐንስ አራተኛ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 1881 መተማ ላይ የወደቁለት ውጊያ ባላጋራ ነው። ለአንዱ የሽማግሌ ተረት የሆነው ጦርነት ለሌላው የንጉሥ ሞት ነው።

የኮሜዲው አከርካሪ ግን የማነሪንግና የዊልሰን ግንኙነት ነው። በእንግሊዝ አገር ሰው አፉን ሲከፍት መደብ ይታወቃል። ማነሪንግ ከታች ተነሥቶ በጥረቱ ያደገ ሰው ነው። ዊልሰን በውድ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ የባላባት ዘር ነው። በተለመደው አስተሳሰብ መኮንኑ ዊልሰን፣ ሳጅኑ ማነሪንግ መሆን ነበረባቸው። ደራሲዎቹ ገለበጡት። ማነሪንግ ትእዛዝ ሲሰጥ ይጮኻል። ዊልሰን ግን ወታደሮቹን የሚያሰልፈው «ባይከብዳችሁ እባካችሁ» ብሎ ሻይ እንደሚጋብዝ ሰው ነው። ማነሪንግ በዚህ ይቃጠላል፤ ማዕረግ የሰጠው ነገር ሁሉ ለዊልሰን በተፈጥሮ የተሰጠ መስሎ ይታየዋልና።

በ1969 በቀረበ አንድ ክፍል ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ሳይፈነዳ የባንኩን ጣሪያ በስቶ ገንዘብ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ሰዎች ቦምቡን ጭናቸው ላይ ታቅፈው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከተንቀሳቀሱ ያልቅላቸዋል። እዚያ ተቀምጠው እንደ ወትሮው ይነቋቆራሉ። ሥራ አስኪያጁም ጸሐፊውም ግን ቦምቡን ጥሎ ለመሮጥ አያስብም። ተመልካቹ የሚስቀው በንቁሩ ነው፤ ከሳቁ በኋላ የሚቀርለት ግን አለመሮጣቸው ነው።

በሰፊው የሚታወሰው ቀልድም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1973 በቀረበው ክፍል የተማረኩ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች በማነሪንግ ጓድ ጥበቃ ሥር ያድራሉ። የጀርመኑ አዛዥ ካሸነፍን በኋላ ትጠየቃላችሁ እያለ የሰደቡትን ሰዎች ስም በማስታወሻ ይይዛል። ፓይክ በሂትለር ላይ የሚያሾፍ ዘፈን ሲዘፍን ይሰማና ስምህ ማነው ይለዋል። ማነሪንግ ቶሎ ጣልቃ ገብቶ «እንዳትነግረው፣ ፓይክ!» ይላል። ቀልዱ ይኸው ነው፤ ልጁን ለማዳን ሲል ራሱ አሳልፎ ሰጠው። ነገር ግን ያ ማስታወሻ በ1940 እውነተኛ የሞት ዝርዝር ሊሆን ይችል እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሳቁ ጥርስ ያወጣው ፍርሃቱ እውነት ስለነበረ ነው።

ከሁሉም ጠልቆ የሚገባው በ1969 የቀረበው የጎድፍሪ ታሪክ ነው። ጎድፍሪ ገር፣ ደካማ፣ ለሽንት ልውጣ እያለ ሰልፍ የሚያቋርጥ ሽማግሌ ነው። በዚህ ክፍል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም፣ ሰው አልገድልም ብሎ እንደነበር ይታወቅበታል። ጓደኞቹ ያገሉታል፤ ማነሪንግ ፊቱን ያዞርበታል። በልምምድ ላይ ማነሪንግ ጢስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ግን ገብቶ ያወጣው ያው የተናቀው ሽማግሌ ነው። ሊጠይቁት ቤቱ ሲሄዱ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፉን ያያሉ፤ ደረቱ ላይ የጀግንነት ሜዳይ አለ። ለካስ በሶም ጦር ሜዳ ቁስለኛ አንሺ ሆኖ በተኩስ መካከል ሰው ሲያወጣ የኖረ ነው። ሜዳዩን ለምን እንደማያደርገው ሲጠየቅ፣ መኩራራት ይመስልብኛል ባይ ነው።

ይህን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አርኖልድ ሪድሊ በ1916 በእርግጥ ሶም ላይ ነበር። በሳንጃ ተወግቶ፣ ጭንቅላቱን በሰደፍ ተመትቶ፣ ግራ እጁ ተጎድቶ ነው የተመለሰው። ፍሬዘርን የተጫወተው ጆን ሎሪም የአንደኛው ጦርነት ወታደር፣ በሁለተኛው ደግሞ የአገር ዘብ ነበር። የጆንስን ሽምግልና የተጫወተው ክላይቭ ደን ሥራውን ሲጀምር ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር፤ በ1941 ግሪክ ውስጥ ተማርኮ የጦርነቱን ቀሪ ዘመን በጀርመኖች እጅ አሳልፏል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በጦርነት ሲቀልዱ ከውጭ ሆነው አልነበረም። የአለቆቹን ስጋት ከንቱ ያደረገው ይህ ይመስለኛል። የሚቀለድበት ድፍረቱ አይደለም፤ በድፍረቱ ላይ የተደረበው ጉራ ነው።

ታሪክ ግን ቅሬታ አለው። ዛሬ ብዙ እንግሊዛዊ የአገር ዘብን የሚያውቀው በዚህ ኮሜዲ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሽማግሌና ደንባራ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ለመዝመት ያልደረሱ ጎረምሶችና ለጦርነቱ ሥራ ሲባል ከፋብሪካና ከማዕድን እንዳይወጡ የተደረጉ ሠራተኞች ነበሩ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋው ቶም ዊንትሪንግሃም በ1940 ለንደን አጠገብ ኦስተርሊ ፓርክ ላይ የደፈጣ ውጊያ ያስተምራቸው ነበር። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል በለንደን የአንድ ጓድ ሳጅን ነበር። እየቆየ ዘቦቹ ጸረ አውሮፕላን መድፍ ላይ ተመደቡ። በዲሴምበር 1944 ከሥራ እስኪሰናበቱ ድረስ ከ1,200 በላይ የሚሆኑት በግዳጅ ላይ እያሉ ሞተዋል። ሴቶችም ግቡ የተባሉት ከብዙ ክርክር በኋላ በ1943 ነው፤ ያውም በረዳትነት። ኮሜዲው ይህን ሁሉ አያሳይም። ሳቅ የሚወደውን ያስታውሳል፤ የቀረውን ማስታወስ የታሪክ ጸሐፊው ዕዳ ነው።

ቢቢሲ ራሱ የሥራውን ዋጋ ያወቀው ዘግይቶ ነው። በጥቁርና ነጭ ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንዳንዶቹ ቴፑ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተብሎ ተደመሰሱ። በ2001 ሁለቱ ከግለሰብ እጅ ተገኝተዋል፤ ሦስት ክፍሎች ግን እንደጠፉ ቀርተዋል። እነዚህ ሦስቱ በ2019 በአዲስ ተዋንያን ተሠርተው ቀረቡ። ውጪ ውጪው በተቀረጸባት በቴትፎርድ ከተማ ከ2010 ጀምሮ የሻምበል ማነሪንግ የነሐስ ሐውልት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ኖሮ ለማያውቅ ሰው ሐውልት ቆመለት። ፓይክን የተጫወተው ኢያን ላቬንደር፣ ከዋነኞቹ ተዋንያን የመጨረሻው፣ በ2024 አርፏል።

የመጨረሻው ክፍል የጆንስ ሰርግ ነው። በድግሱ መካከል ወረራ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ሽማግሌዎቹ ወደ ጠረፍ ጥበቃ ይሄዳሉ። የሁልጊዜ ባላጋራቸው የአየር ጥቃት ተቆጣጣሪው ሆጅስ መጥቶ፣ እውነተኛ ወታደር ቢመጣ ደቂቃ አትቋቋሙትም ብሎ ይስቅባቸዋል። ይህን ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቆማል። ማነሪንግ ማንም ሊነጥቀን የሚመጣ ካለ እኛን ያገኛል ይላል፤ የዘመናት ተቃዋሚው ዊልሰን አብሮት ይቆማል። ከዚያ ጽዋቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረው ለአገር ዘብ ይጠጣሉ። 80 ክፍል ሙሉ ሲያስቁ የኖሩት ሰዎች፣ ጀርመኑ ቢመጣ ኖሮ በዚያች ጠረፍ ላይ እንደሚገኙ ተመልካቹ አይጠራጠርም።