አባ ጎርጎርዮስና የማወቅ ግሥ

እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረው የሐበሾች ማረፊያ፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ የመካነ ሥላሴውን ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቅሞ ተምሮ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከአገር የወጡ የአማራ ሊቅ ነበሩ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኧርንስት ጋብዟቸው የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ገቡ። እዚያም ሉዶልፍ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ቃላቱ ይጠይቃል፤ አባ ይመልሳሉ።

ሉዶልፍ ለሚያዘጋጀው መዝገበ ቃላት የግዕዙን ፍቺ በላቲን መጻፍ ቀላል አልነበረም። «ማወቅ»ን እንመልከት። ላቲን ጉዳይን ለማወቅ «ስኪሬ» ይላል፤ ሰውን ወይም ነገርን ለይቶ ለማወቅ «ኖስኬሬ» ወይም «ኮግኖስኬሬ» አለው። ከ«ኖስኬሬ» የሚወጣው «ኖቪ» ቅርጹ ያለፈ፣ ትርጉሙ ግን «አውቃለሁ» ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ገባኝ» ስንል ግሡ ያለፈ ነው፣ መረዳታችን ግን አሁን አለ። ግዕዝ ደግሞ ሁለቱንም ዕውቀት በ«አእመረ» ይገልጻል። ከዚያው ሥር ምልክትና ድንቅ ሥራ የሚባለው «ተአምር» ይወጣል። ዛሬ ላፍቶ ውስጥ አንድ መምህር ስለ ተማሪው «አእምሮው ብሩህ ነው» ሲል የሚጠራው ከዚያው ግሥ የወጣ ቃል ነው።

ይህን የመሰለውን የቃላት ዝምድና ከመጻሕፍት ብቻ መልቀም አድካሚ ነው፤ ቋንቋው የቤቱ የሆነ ሰው አጠገብ ሲኖር ግን መንገዱ ያጥራል። አውሮፓ ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይለዋል። ትጋቱ ይገባዋል፤ እኔ ግን የሁለት ሰዎች ሥራ ነው እላለሁ። ሉዶልፍም ራሱ ውለታውን አልካደም። በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የአባን ምስክርነት ደጋግሞ ይጠቅሳል፤ በ1691 ባወጣው ማብራሪያም ሥዕላቸውን አትሟል። በእኛ የትምህርት መጻሕፍት ግን ስማቸውን ማግኘት ብርቅ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አባ ጎርጎርዮስ ሥራው ሲታተም አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ እስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። የግዕዝ–ላቲን መዝገበ ቃላቱ በ1661 ለንደን ታተመ፤ የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 ፍራንክፈርት ወጣ።