የመስክ መኪና ቸርኬና ጎማ ምርጫ

የመስክ መኪና ቸርኬና ጎማ ምርጫ ማለት ከፋብሪካው ጋር ከመጣው የተለየ ቸርኬ ወይም ጎማ ሲገዛ፣ ዕቃው ከመኪናው ሞዞ፣ ፍሬን፣ መሪና ፓራፋንጎ ጋር በትክክል የሚስማማ መሆኑን የማረጋገጥ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ጥያቄው በብዛት የሚነሳው ከቶዮታ መኪኖች ጋር ነው፤ ከእነዚህም ሃይሉክስ፣ ፕራዶ፣ ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርና በተለምዶ «ቪ8» የሚባለው ላንድክሩዘር 200 ይጠቀሳሉ። ፓጄሮ፣ ፓትሮልና ሱዙኪ ቪታራም በብዛት ይገኛሉ። ያገለገለ ቸርኬ ከሌላ መኪና ተፈትቶ በሚሸጥባቸው እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ልኬትን ማወቅ ከዋጋ ክርክር ይቀድማል።

የብሎን አቀማመጥና የመሐል ቀዳዳ

መጀመሪያ የሚታየው የብሎኖቹ ብዛትና የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር ነው። «6 በ139.7» ሲባል ስድስት ብሎን 139.7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቁጥሩ እንግዳ የሚመስለው 5.5 ኢንች ወደ ሚሊ ሜትር ስለተቀየረ ነው። ባለ 4 በ4 ሃይሉክስ፣ ፕራዶ፣ ፓጄሮና ፓትሮል ይህንን ይጋራሉ። ላንድክሩዘር 100 እና 200 ደግሞ 5 በ150 ናቸው።

የመኪናው ስም ብቻውን ግን አይበቃም። ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር በ1984 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ስድስት ብሎን ነበረው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ከተደረገው ለውጥ በኋላ ባለ 78 እና ባለ 79 ሞዴሎች ወደ 5 በ150 ተቀይረዋል። ስለዚህ «የላንድክሩዘር ቸርኬ አለ» የሚል ሻጭ እውነቱን እየተናገረም ዕቃው ላይገጥም ይችላል። ላንድክሩዘር 300 ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ባለ ስድስት ብሎን ሆኗል። በቪታራም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ አሮጌው 5 በ139.7 ሲሆን ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ግራንድ ቪታራ 5 በ114.3 ነው።

ብሎኑ ስለገባ ብቻ ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም። የሃይሉክስና የፕራዶ ቸርኬ የመሐል ቀዳዳ 106.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፓጄሮ ግን 67.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የብሎን አቀማመጣቸው አንድ ቢሆንም የፓጄሮ ኦሪጅናል ቸርኬ በሃይሉክስ ሞዞ ላይ አያልፍም። በተቃራኒው የሃይሉክስ ቸርኬ ፓጄሮ ላይ ይገባል፣ ነገር ግን በሞዞው ዙሪያ ሰፊ ክፍተት ይተዋል። በዚህ ጊዜ ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስይዙት ዳዶዎቹ ብቻ ስለሚሆኑ ትንሽ ከመሐል ከሳተ በፍጥነት ሲነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ክፍተቱን የሚሞላ የማስማሚያ ቀለበት ነው። መንቀጥቀጡን በባላንስ ብቻ ለማጥፋት መሞከር በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

ዳዶም ከቸርኬው ጋር መስማማት አለበት። የብረት ቸርኬ በአብዛኛው ሾጣጣ ዳዶ ሲይዝ ብዙ የቶዮታ አሎይ ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ከተቀያየሩ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ በደንብ አይቀመጥም። የጥርሱ ልክም ይለያያል፤ ሃይሉክስና ፕራዶ 12 በ1.5፣ ላንድክሩዘር 200 ደግሞ 14 በ1.5 ናቸው።

ኦፍሴት

ኦፍሴት በሞዞው ላይ የሚያርፈው የቸርኬው ፊት ከቸርኬው ስፋት መካከለኛ መስመር በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይገልጻል። አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ጀርባ ላይ በቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቸርኬው ስፋት በሁለት ተካፍሎ ኦፍሴቱ ሲቀነስ ቸርኬው ከሞዞው ፊት ወደ ውጭ የሚወጣበት ርቀት ይገኛል። ለምሳሌ 7.5 ኢንች ስፋትና 30 ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ወደ ውጭ 65 ሚሊ ሜትር ይወጣል። በምትኩ 8 ኢንች ስፋትና ዜሮ ኦፍሴት ያለው ቢገጠም 102 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኢንች ብቻ የሰፋ የሚመስለው ቸርኬ ጎማውን በ36 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ገፋው ማለት ነው። መልኩን የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ በኮረኮንች ላይ መሪው እጅን ይመታል፣ ጭቃም በሮቹን ያለብሳል። የላንድክሩዘር 200 ኦሪጅናል ኦፍሴት ከ50 በላይ ስለሆነ በዝቅተኛ ኦፍሴት ቸርኬ ሲቀየር ልዩነቱ በእሱ ላይ ይጎላል።

የጎማ ልክ

በጎማው ጎን ላይ 265/65 አር17 ተብሎ ሲጻፍ 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የዚህ ጎማ ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 265/70 አር17 ሲቀየር 803፣ ወደ 285/70 አር17 ሲቀየር ደግሞ 831 ይሆናል። መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በቁመቱ ልዩነት ግማሽ ብቻ ነው፤ ማለትም በመጀመሪያው 13፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር። የፍጥነት መለኪያው ግን ሙሉውን ልዩነት ይከፍላል። በ285ቱ ጎማ መለኪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 107 ይጠጋል።

ትልቅ ጎማ መኪናው ቆሞ ሲታይ ገጥሞ፣ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ወይም አንዱ እግር ጉድጓድ ሲገባ ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው ማዞርና የፍሬን ካሊፐሩን ክፍተት ማየት ያስፈልጋል። በቋሚነት አራቱንም እግር በሚነዱ እንደ ፕራዶ ባሉ መኪኖች አራቱ ጎማዎች እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይገባል፤ ተቀያሪውም እንዲሁ።

ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት አቅምን ያሳያል። 112 ማለት በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ ግራም ነው። ተከታዩ ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው።

የምርት ቀን

«ዶት» ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በስተመጨረሻ የሚገኙት አራት ቁጥሮች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። በኢትዮጵያ እዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዓመቱ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «2316» የሚል ጎማ በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፣ ማለትም በሰኔ 2008 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ የተሠራ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሚገዛ ሰው «16»ን አይቶ የአምና ነው ቢል ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ጎማ በአዲስ ዋጋ ይወስዳል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ሦስት ቁጥር ብቻ ያለው ጎማ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተመረተ ነው።

የጥርስ ዓይነትና መንገድ

ለአስፋልት የሚሆነው ጎማ ጸጥተኛ ነው፤ «ኤምቲ» የሚባለው የጭቃ ጎማ ደግሞ ትላልቅ ጥርሶች አሉት፤ «ኤቲ» በሁለቱ መካከል ነው። በክረምት በዋልካ አፈር ላይ ለሚሠራ መኪና የጭቃ ጎማ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ሌላው ጎማ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አድሮ በየቀኑ ወደ ሜክሲኮ በአስፋልት ለሚመላለስና በዓል ሲመጣ ብቻ ወደ መንዝ ለሚወጣ ፕራዶ ግን ኤቲ ይበቃል። የጭቃ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ የማቆሚያ ርቀትን ያስረዝማል፣ ነዳጅም ይጨምራል።

የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር ይለዋወጣል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 35 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ወደ ባሕር ጠለል ሲወርድ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ መለኪያው 31 አካባቢ ያሳያል፤ የውጭው አየር ግፊት ስለጨመረ እንጂ ጎማው ስለተነፈሰ አይደለም። ወደ አፋር የሚወርድ መኪና ላይ የቆላው ሙቀት አብዛኛውን መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ግፊት የሚለካው ባደሩበት ቦታ፣ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ከመነዳሪ በሚጠቀመው የሃርድቶፕ 7.50 አር16 ጎማ ላይ አንዳንዴ ባለ ቀለበት ቸርኬ ይገኛል። ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል ጎሚስታው በብረት መከላከያ ውስጥ አስገብቶ ወይም በሰንሰለት አስሮ፣ ራሱም ከፊቱ ዞር ብሎ መሙላት አለበት። ማንኛውም አዲስ ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቃሉ።